ሲጢጥ የሚለው አልጋና ሃያሲዎቹ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሬዲዮ ጣቢያው ልጆች ትንሽ ዝግጅት አደረጉልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበሱኝ። ከዚያ አንዷ ልጅ ማይክራፎኑን አቀብላኝ «እትዬ አምሳለ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ካዩት ፊልም የማይረሳዎት የቱ ነው?» አለችኝ። ትልልቆቹን ስሞች እንድጠራ ነበር የጠበቁት። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣው ዛሬ ካሴቱ እንኳን የት እንደወደቀ የማይታወቅ፣ በሠርግ ካሜራ የተቀረጸ ፊልም ነው። ስሙን ስናገር ተያዩ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፈለገው፣ አጣው።

«ስለ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስለ አልጋ» አልኩት።

ሳቁ። ሌላ ንግግር አድራጊ ተራውን እየጠበቀ ስለነበር ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ። ግማሹን ተናግሬ መተው አልወድም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ወደ ጋዜጣ ሥራ የገባሁት የግል ጋዜጦች እንደ አሸን በፈሉበት በሰማንያዎቹ ነው። የኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቢሮ ሳሪስ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ጎማ ሲነፋ የምንጽፍበት ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ቤታችን ንፋስ ስልክ ስለሆነ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ላኩኝ፤ የሰው ጠብ ስሰማ እውል ነበር። ቀጥሎ የጤፍና የበርበሬ ዋጋ ዘጋቢ ሆንኩ። ደሞዝ ሲዘገይ ዋና አዘጋጁ አቶ መስፍን በሩ ላይ ቆሞ «ትንሽ ታገሱኝ» ይለናል፣ እንታገሳለን። የኪነ ጥበብ ገጹን የሚሠራው ልጅ ወደ ሌላ ጋዜጣ ሲሄድ «አንቺ ፊልም ትወጃለሽ አይደል?» ብሎ ወደዚያ አዛወረኝ። ፊልም እወድ ነበር። ስለ ፊልም መጻፍ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ያስተማረኝ ጋሽ በላቸው ነው። የገጹ አዘጋጅ እሱ ነበር። ወጣትነቱን ቴአትር ቤት መብራት ሲያበራ ነው የፈጀው። ከመድረኩ በላይ ካለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ለዓመታት ያየው ተዋንያንን ብቻ አይደለም፤ ከታች የተቀመጠውን ሕዝብም ጭምር ነው። ይህን ልማድ ነው ወደ ጋዜጣው ይዞት የመጣው። ማንኛውንም ፊልም ሁለቴ ነበር የሚያየው። አንዴ እንደ ሰው መሃል ተቀምጦ ያያል። በሁለተኛው ዳር ይቀመጥና አንገቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ፊልሙን በሰው ፊት ላይ ያየዋል። «ሰው መቼ እንደሚስቅ ማንም ያውቃል። አንቺ ከሳቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እዪ» ይለኝ ነበር።

ከአዳራሽ ስንወጣ ስለ ፊልሙ ብጠይቀው አይመልስልኝም። ሙዝ ገዝቶ እየላጠ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል። በጣም ካስቸገርኩት «ገና አልደረሰልኝም» ይላል። በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ይጽፋል። የሚጠላቸው ቃላት ነበሩት። «ማራኪ»፣ «አስተማሪ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» ብዬ ከጻፍኩ ቃሉን ይከብበውና ከጎኑ «ይህ ቃል ምን አየ?» ብሎ ይጽፍብኛል።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለ አንድ የውጭ አገር የፍቅር ፊልም ነበር። ከሰው በተዋስኩት መጽሐፍ ያገኘሁትን ከባድ ቃል ሁሉ አፈሰስኩበት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን በቀስታ ወደኔ ገፋው።

«አምሳለ፣ ፊልሙን አይደለም የጻፍሽው። ማንበብሽን ነው የጻፍሽው።»

ግቢ ወዳለው ቧንቧ ሄጄ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና እንደ አዲስ ጻፍኩት። እሱም እንደገና መለሰልኝ። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ክረምት አለፈ።

ያ ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ከመጋረጃው ወዲህ» ይባላል። የሠራው ግርማ የሚባል መካኒሳ አካባቢ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ነው። ያኔ በአገራችን ፊልም መሥራት የሚታሰብ ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን የሠርግ ካሜራውን ይዞ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ሠራው። ሙሽራዋን ሆና የተጫወተችው አስቴር የምትባል የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ጎፋ በሚገኝ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት መታየት ጀመረ።

ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሚመጣው ሁሉ አይገባችሁም። ሁለት ሙሽሮች በሠርጋቸው ማግስት አንዲት ክፍል ቤት ይገባሉ። በሳምንቱ የባልየው እናት ዓይኗን ለመታከም ከገጠር ትመጣለች፣ በመሃል መጋረጃ ይጋረዳል። ከዚያ የባልየው ወንድም ይመጣል። ከዚያ የአጎት ልጅ። አልጋቸው አሮጌ የሱስታ አልጋ ነው፣ ሲነኩት ሲጢጥ ይላል። አልጋው ሲጢጥ ባለ ቁጥር እናትየው ከመጋረጃው ወዲያ ታስልና «ልጆች፣ ውሃ ጠማችሁ?» ትላለች። ባልየው ሱስታውን በምግብ ዘይት ይቀባዋል፤ በማግስቱ እናትየው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ «ይህ ዘይት ምን በላው?» ትላለች። ወደ አንድ ሆቴል ይሄዳሉ፣ ተቀባዩ የጋብቻ ወረቀት አምጡ ይላቸዋል። ደስ ብሏቸው አውጥተው ሲሰጡት ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «ባልና ሚስት ከሆናችሁ ታዲያ ቤታችሁ አትተኙም?» ይላቸዋል። አዳራሹ እዚህ ጋ ሊፈርስ ይደርስ ነበር። ያኔ እርሻ ወደነበረው ወደ ሀና ማርያም በኩል ይሄዱና ከባሕር ዛፍ ሥር ገና ሲቀመጡ አንድ ገበሬ የሙሽራዋን ጫማ በበትሩ ጫፍ አንጠልጥሎ ይመጣል። እኔ የማልጽፋቸው ነገሮችም ነበሩበት።

መጨረሻው ላይ ዓይኗ የደከመው እናት ሁሉንም ነገር ስታውቅ እንደነበር ይታወቃል። ጎህ ሳይቀድ እንግዶቹን ሁሉ ቀስቅሳ «ዛሬ ቅዳሴውም ስብከቱም ረዥም ነው» እያለች ወደ ቤተ ክርስቲያን ትነዳቸዋለች። በሩ ላይ ዞር ብላ ለሙሽራዋ «ከውስጥ ቀርቅሪው» ትላታለች። ሁለቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ባልየው ግን ከተማውን ሲዞሩ የቆሰለውን የሚስቱን እግር ያያል። ውሃ አሙቆ እግሯን ያጥባታል። እሷ እየታጠበች እንቅልፍ ይወስዳታል። እሱ ወደ አልጋው ሊወጣ ይልና ሲጢጥ ብሎ እንዳይቀሰቅሳት መሬት ላይ ይተኛል። ያልቃል።

ጋዜጦቹ ውርጅብኝ አወረዱበት። አንዱ ባህላችንን አልጋ ላይ ጥሎ ያዋረደ አለው። ሌላው ፊልም ሳይሆን አፉ ያልተዘጋ የሠርግ ቪዲዮ ነው አለ። አንድ መጽሔት ደግሞ ቀበሌው አዳራሹን ለእንዲህ ያለ ብልግና ለምን እንደሚያከራይ ጠየቀ። አቶ መስፍን ጠራኝ።

«ዝም ካልን የደገፍን ይመስላል። እንደ ሌሎቹ አድርገሽ አንድ ዓምድ ጻፊና ይዘጋ።»

ጋሽ በላቸው ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «መጀመሪያ ትየው» አለ።

መጀመሪያ ሳየው መሃል ተቀመጥኩ። ከጎኔ የማላውቀው ወንድ ነበር። ሳቄ እያመለጠኝ፣ በሳቄ እያፈርኩ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ልከት ደረስኩ። አላገባሁም፣ ሃያዎቹን እየጨረስኩ ነው፣ ስለ አልጋ መሳቅ የማይገባኝ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ እንደ ጋሽ በላቸው ዳር ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አንገቴን ወደ ሕዝቡ አዞርኩ።

ሴቶቹ ሲስቁ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ግን ከሳቁ በኋላ፣ ሳቁ ሊበርድ ሲል፣ ባልና ሚስት የሆኑት በፍጥነት ዞር ብለው ይተያያሉ። «እኛን እኮ ነው» የሚል መተያየት ነው። አንዲት እናት እንባዋን እየጠረገች ባሏን በክርኗ ስትጎስመው አየሁ። እናትየው «ውሃ ጠማችሁ?» ስትል ከኋላ አንድ ሰው «የኛዋም እንደዚሁ ነበረች!» ብሎ ጮኸና አዳራሹ እንደገና ፈነዳ። እግር የሚታጠብበት ቦታ ሲደርስ ግን ዝም አሉ። ቱታ የለበሰ አንድ ግዙፍ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሲጠርግበት አየሁ።

ጽሑፌ በዚያ ሳምንት እንደ ውሃ ወረደልኝ። ካሜራው እንደሚንቀጠቀጥ ጻፍኩ። በአንደኛው ትዕይንት ከጎረቤት ግቢ የሙቀጫ ድምፅ እንደሚገባ፣ በወንድምየው አፍ የተነገረው ስለ ቤት ሠራተኛ ያለው ቀልድ ጭካኔ እንጂ ቀልድ እንዳልሆነ ጻፍኩ። ከዚያ ሃያሲዎቹ ሰዉ በገላ የሳቀ መስሏቸዋል፣ ሰዉ የሳቀው ግን በቤቱ ጥበት ነው አልኩ። በዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት በመጋረጃ ወዲህና ወዲያ እየኖረ፣ ያንን ችሎ እየተዋደደ እንዳለ ፊልሙ ሳያለቅስ ተናግሮታል አልኩ።

ጋሽ በላቸው አነበበው። አንድም ቃል አልከበበም። ለአቶ መስፍን አቀበለው።

አቶ መስፍን ራሱን ያዘ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እኮ። ግን ከሴት ልጅ፣ ያውም ካላገባች ሴት ብዕር ይህ ከወጣ ጉድ ይፈላል። አንድ የወንድ ስም እንስጠው። ዘላለም ምናምን ብለን እናውጣው።»

«ስሙ የኔ አይደለም፣ ያንተም አይደለም» አለ ጋሽ በላቸው። «እሷን ጠይቃት።»

እስከ ሰኞ አስቤ እንድመልስ ተስማማን። የፈራሁት አንባቢውን አልነበረም፤ አባቴን ነው። አባቴ ዕድሜውን በፋብሪካ የፈጀ፣ ጥቂት የሚናገር፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። ከጎረቤት ከሚሰማ ከኔ ይስማ አልኩና እሑድ ምሳ ላይ ወረቀቱን ይዤ ቀረብኩ።

«አባባ፣ አንድ የጻፍኩት ነገር አለ። ሳይወጣ ላንብብልህ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ፊልም። ስለ ባልና ሚስት።»

«ባልና ሚስት ምን ሆኑ?»

«ቤት ጠበባቸው።»

ቀጥይ በሚል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አነበብኩለት። ስለ ሱስታው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ እናትየው ሳል ያለውን ሳነብ የአባቴ እጅ ከትሪው ላይ ሳይነሳ ቀረ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። በዚህ መሃል ከጓዳ በኩል የታፈነ ሰው ዓይነት ድምፅ መጣ። እናቴ ናት። ድስቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?» አላት አባቴ።

«የኛ አልጋ ትዝ ብሎኝ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልለህ...»

«ዝም በይ! ልጅ ፊት!»

«ልጅስ ታዲያ ከየት መጣች?» አለች እናቴ።

አባቴ እንደዚያ ቀን ፊቱ ቀልቶ አይቼው አላውቅም። እኔም ወረቀቱን ፊቴ ላይ ይዤ ቀረሁ። እኛ ስድስት ልጆች ያደግነው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። መጋረጃው አበባ ያለበት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደተጋረደ ግን እስከዚያች ሰዓት ጠይቄ አላውቅም። አባቴ ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ ቆይቶ ቆይቶ ተመለሰ።

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ጋዜጣ አልገዛም» አለና ኮቱን ለብሶ ወጣ።

እናቴን አየኋት። «ፈቀደልሽ እኮ» አለችኝ። ጽሑፉ በሙሉ ስሜ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት አባቴ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄዶ ተውሶ አንብቦታል።

ጉዱም እንደተባለው ፈላ። ደብዳቤ መጣ፣ አንዳንዱ ምርቃት፣ አብዛኛው እርግማን። ሽማግሌ ሊልክብን ነው ሲባል የነበረ አንድ መምህር ድምፁ ጠፋ፤ ብዙም አላዘንኩም። ሌሎቹ ጋዜጦች እኔን ለመመለስ እንደገና ስለ ፊልሙ ጻፉ። ሰልፉ ረዘመ። የአዳራሹ ኃላፊዎች ግን ፈሩ። ግርማ ቢሮ ድረስ መጥቶ «ሊያስቆሙን ነው» አለኝ። ፊቱ ገርጥቷል። ያለውን ሁሉ ያፈሰሰበት ሥራ ነው።

እኔም አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ሕዝቡንና ሃያሲዎቹን በአንድ አዳራሽ አገናኝተን እናወያይ፣ ሰዉ ራሱ ይንገራቸው አልኩ። ጋሽ በላቸው ሙዙን እየላጠ ሰማኝ።

«እኔ ብሆን አላደርገውም» አለ።

«ለምን?»

«ገና አልደረሰልኝም። ብቻ አላደርገውም።»

አደረግኩት። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። መድረክ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሁለት ሃያሲዎች፣ ግርማ፣ አስቴርና አወያይዋ እኔ ተቀመጥን። አስቴር ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ አንገቷን ደፍታ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ተጫዋች ሴት እሷ አትመስልም። ሃያሲዎቹ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ጥበብ ተልዕኮ ተራ በተራ ረዥም ንግግር አደረጉ። በአዳራሹ ስቀው ያለቀሱት ሰዎች ማይክራፎን ሲሰጣቸው ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች ሆኑ። ያቺ ባሏን በክርኗ የጎሰመችው እናት እንኳን ተነስታ «ጥሩ ነው፣ ግን ለልጆች አይሆንም» ብላ ተቀመጠች። በጨለማ የሳቁበትን ነገር በብርሃን፣ ከጎረቤት ፊት፣ «ወድጄዋለሁ» እንዲሉልኝ ነበር የምጠብቀው።

ከዚያ አንድ ከረባት ያሠረ ሰው ተነሳ።

«ጥያቄዬ ለተዋናይቷ ነው። ባለትዳር ነሽ ሲባል ሰምተናል። ለመሆኑ ባልሽ ይህን ፊልም አይቶታል? ምን አለሽ?»

ይህ ጥያቄ አይመለስም ብል ያልፍ ነበር። እኔ ግን አስቴር አንድ ጥሩ መልስ ትመልስና አዳራሹ ሁሉ ወደኛ ይዞራል ብዬ አሰብኩ። ማይክራፎኑን ወደ እሷ ገፋሁት።

«አላየውም» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«አይቻለሁ» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ መጣ።

ሁሉም ዞረ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ ረዥም ሰው ቆሟል። ባሏ ነው፣ ታምሩ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሷ መንገድ ላይ ያለ መስሏት ነበር። አንዱ አፏጨ፣ ሌላው ሳቀ። ታምሩ ሚስቱን አያት። አፉን ከፈተ፣ የሆነ ነገር ሊናገር ሲል ተወውና በሩን ገፍቶ ወጣ። አስቴር ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ድምፅ ማጉያው ጓ አለ። ነጠላዋን ሰብስባ በሰዉ መሃል ተከትላው ወጣች። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም።

በሳምንቱ አዳራሹ ተከለከለ። ሌላ አዳራሽም አልተገኘም። ግርማ ወደ ሠርግ ቀረጻው ተመለሰ። ጋሽ በላቸው ሰኞ ጠዋት ኮቱን እንደለበሰ አጠገቤ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፣ አላጽናናኝምም።

«አሁን ደረሰልኝ» አለ። «ሰው ፊልም አይቶ ዝም የማለት መብት አለው። አንቺ አፋቸውን አስከፈትሻቸው። ሰው ሲከፍት ደግሞ የሚወጣው የወደደው ነገር ሳይሆን የሚያስከብረው ነገር ነው።»

ጋዜጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ጋሽ በላቸው ጡረታ ወጣ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም አረፈ። እኔ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ሲመጣ ወደዚያ ገባሁና እስከ መጨረሻው እዚያው ቆየሁ። የፊልም ፕሮግራም ሳዘጋጅ ተዋናይን ስለ ትዳሯ ጠይቄ አላውቅም፤ የሚጠይቅ አድማጭ ከገባም መስመሩን እዘጋለሁ። ባልደረቦቼ ግትር ይሉኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ዘመኑ ተለወጠ። የአገራችን የፍቅር ኮሜዲ የሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ሰልፍ የሚታይበት ጊዜ መጣ። አለቃዬ ስለ ቀደምቶቹ የቪዲዮ ፊልሞች አንድ ፕሮግራም ሥሪ ሲለኝ ግርማን ፈልጌ አገኘሁት፣ እሱ ደግሞ የአስቴርን ስልክ ሰጠኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገብተዋል። እኔም ያኔ ለቡ መብራት ኃይል ስለምኖር ሩቅ አልነበረም። ደውዬ ማን እንደሆንኩ ስነግራት «ነይ» አለችኝ።

በታክሲ ግፊያ ተጨፍልቄ አመሻሽ ላይ ደረስኩ። ላይኛው ፎቅ ነው፣ በሩን የከፈተልኝ ታምሩ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። እኔ ደረጃውን ስወጣ ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበር፤ አብረው ይኖሩ ይሆን አይኖሩ እንኳን እርግጠኛ አልነበርኩም። አስቴር ሻይ አቀረበች። መቅረጫዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከመክፈቴ በፊት «ያን ቀን...» ብዬ ስጀምር ታምሩ አቋረጠኝ።

«ተቆጥቶ ወጣ ብለው ነው ያሰቡት አይደል?»

«አዎ። ሁሉም ሰው።»

«እዚያ አዳራሽ ሁሉም የሚጨቃጨቀው ስለ አልጋው ነበር። እኔ በአልጋው ስቄያለሁ፣ እንደ ማንም። እኔን የነካኝ መጨረሻው ነው። እግሯን ሲያጥባት።» ወደ ሚስቱ ሳያይ ነበር የሚናገረው። «ከአሰብ ስመለስ እግሬን የምታጥበኝ እሷ ናት። እሷ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ ነው የምትውለው። የሷ እግር ያብጥ አያብጥ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ሰው በጨዋታ ለሚስቴ ያደረገውን እኔ በእውነት አላደረግኩትም። ‹አይቻለሁ› ካልኩ በኋላ ልናገር የነበረው ይህንኑ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲዞርብኝ አፌ እምቢ አለኝ።»

ስንት ጋዜጣ ስለዚያ ፊልም ጻፈ። ብልግናውን ያወገዘ አለ፣ እንደኔ የተከላከለ አለ። ከሁላችንም አንድ ሰው እንኳን ያ ደግነት ሊያም እንደሚችል አልጻፈም። እኔ ራሴ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን የጠረገውን ሰው በዓይኔ አይቼ፣ ስለ ቤት ጥበት ጽፌ አለፍኩ።

«እኔ ደግሞ ሊመታኝ መስሎኝ» አለች አስቴር። «እስከ ቤት ከኋላው ከኋላው ሄድኩ። ገባ፣ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣ ዕቃ ያተራምሳል። ‹ምን ፈልገህ ነው?› አልኩት። ‹ሳፋ› አለኝ። በገዛ ቤቱ ሳፋው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር።»

ሦስታችንም ሳቅን። ታምሩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ታዲያ ለምን ሌላ ፊልም አልሠራሽም?» አልኳት፣ ሳቃችን ሲበርድ።

«የጠየቀኝ ሰው የለማ» አለች። እንደ ቀላል ነገር ነበር ያለችው። «እሱ ከለከላት ተባለ መሰለኝ። ማንም መጥቶ አልጠየቀንም።»

ይህኛውን መሸከም ይከብደኛል። አንድ ቀን ሄጄ በራቸውን ባንኳኳ ኖሮ እላለሁ። ከሁላችንም አንድ ሰው ቢያንኳኳ ኖሮ።

መቅረጫውን ልክፈት ስል ታምሩ «ይህን በሬዲዮ እንዳይሉት፣ ሹፌሮቹ ይሰሙታል» አለኝ። አላልኩትም። ፕሮግራሙ ስለ ካሜራውና ስለ ሰልፉ ብቻ ሆኖ ወጣ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጻፈው ወይ ብዬ ስደውል አስቴር ናት ያነሳችው። «አሁንማ ሹፌሮቹም አርጅተዋል፣ ጻፊው» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ከቤታቸው ልወጣ ስነሳ መብራት ጠፋ። ታምሩ ባትሪውን አመጣና ሦስታችን ደረጃውን መውረድ ጀመርን። እሱ ከፊት ነው፤ ወደ ኋላ እየዞረ የሚያበራው ግን ከአስቴር እግር ሥር ነው። «እዚህ ጋ ተሸርፏል፣ ጥንቃቄ አድርጊ። እዚህ ጋ ደግሞ ውሃ አለ» ይላታል።

«በየቀኑ የምወርደው ደረጃ ነው እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት፣ ባትሪውን ወደሚቀጥለው ደረጃ እያወረደ።